«አላውቅም» ለማለት የት ይኬዳል?

በደሴ መንገድ የሄደ ሁሉ ካራቆሬን ያውቃታል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ኮቱን አውልቆ፣ አጣዬን ተሻግሮ የሚያገኛት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በጥር 2011 ዓ.ም. የተሳፈርኩበት አውቶቡስ እዚያ ጎማ ፈነዳበትና አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል መልኩን የማውቀው፣ ስሙን የዘነጋሁት ጎልማሳ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በክረምት መርሐ ግብር ይመጡ ከነበሩት መምህራን አንዱ ነው። እኔ ያስተማርኩት የጽሕፈት ኮርስ ነበር፤ የሱ ትምህርት ሒሳብ። እዚያው አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

ስለ ሙቀቱም ስለ ማሾ ዋጋም ካወራን በኋላ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላጫውትዎት፤ እስካሁን ለብዙ ሰው አላወራሁትም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍልፋይ ሲያስተምር አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። የልጁ አጎት ሞቶ ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ትቷል። በሸሪዓው የውርስ ሕግ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ ለአባት አንድ ስድስተኛ፣ ለእናትም አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። እርሳስ የያዘ አንባቢ ይደምረው። የጋራ ታሕቱን 24 ቢያደርገው 3፣ 16፣ 4 እና 4 ይሆናል፤ ድምሩ 27። ልጁ የጠየቀው ይህንኑ ነው። «ቲቸር፣ የሰፈራችን ሼህ ውርሱን ለ27 ከፈሉት። ከ24 ውስጥ 27 እንዴት ይወጣል?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም «ሼሁ ስሌት ተሳስተዋላ!» ብሎ አብሮ ሳቀና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «መምህራችን የሼሁ ሒሳብ ስህተት ነው አለ» ይላል። የሟች ሚስት ወንድም ይህን ሲሰማ «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ እህቴ ሙሉ ስምንተኛዋ ይሰጣት» ብሎ ተነሳ። ያለቀ የነበረ ሽምግልና እንደገና ተከፈተ። ቤተ ዘመድ ተኳረፈ።

መምህሩ ወሬው የደረሰው በማግሥቱ ነው። በዚያን ሌሊት ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ አደረ። የሚያገኘው ግማሹ በዐረብኛ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በማያውቀው የሕግ እንግሊዝኛ። «ዐውል» የምትል ቃል ደጋግማ ትመጣለች፤ ምን እንደሆነች ግን አልያዝልህ አለው። ሦስት ቀን እንዲህ ከረመ። «ማንን ጠየቅህ?» አልኩት። «ማንን ልጠይቅ ጋሼ? ሌላው የሒሳብ መምህር ለደረጃ እድገት አብሮኝ የሚወዳደር ነው። ሱፐርቫይዘሩ የሚሞላው የእኔን ውጤት ነው። ሌላውን ብጠይቅ ‹ይቺንም አታውቅም እንዴ?› ነው መልሱ።»

በአራተኛው ቀን ሼሁ ቤት ሄደ። ቡና አፍልተው ተቀበሉት። «ልጄ፣ ይሄ እኔ ያመጣሁት አይደለም፤ ድሮ ያለቀ ነገር ነው» አሉት። ድርሻዎቹ ተደምረው ከሙሉው ሲበልጡ የሁሉም ሰው ድርሻ በያዘው ልክ ይቀንሳል፤ ባለዕዳ ሞቶ ንብረቱ ለአበዳሪዎቹ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር እንደሚደረገው ማለት ነው። ኻሊፋው ዓሊ ሚንበር ላይ ሳሉ ይኸው ጥያቄ፣ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት፣ ቀርቦላቸው፣ የሚስቲቱ ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆኗል ብለው እዚያው እንደመለሱ ይተረካል። ኢብን አባስ ደግሞ ይህን አከፋፈል አልተቀበሉትም፤ ሼሁ ይህንንም አልደበቁትም። 3 ለ27 ሲካፈል አንድ ዘጠነኛ ነው። «ሬሾ እኮ ነው ጋሼ! በየዓመቱ የማስተምረው ሬሾ!» አለኝ መምህሩ ጭኑን በመዳፉ እየመታ። ሼሁ ሲሸኙት «ቀድመህ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አሉት።

ሰኞ ክፍል ገብቶ «ተሳስቼ ነበር» አለ፤ 27ቱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረዳ። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛው ግን «ተማሪ ፊት እንዲህ አይባልም፤ ከዛሬ በኋላ ማን ይሰማሃል?» ብሎ ተቆጣው።

የሚገርመው፣ «አልጀብራ» የሚለውን ስም ያገኘንበት የአል-ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የተጻፈው ማለቴ ነው፣ ሰፊ ክፍሉ የውርስና የኑዛዜ ስሌት ነው። ልጁ ያነሳው ጥያቄ ወደ ሒሳብ ክፍል የገባ እንግዳ አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤት ነበር። ይህን ለመምህሩ የነገረው ሰው የለም።

አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ እስከ ደሴ ያሰብኩት ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ነው። አለማወቁ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ «ላጣራና ነገ እነግርሃለሁ» ሳይል መፍረዱ ነው፤ ይህን እሱም ያምናል። ግን «ላጣራ» የሚል ሰው የሚያጣራበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ቦታ የሌለው ሰው አንድም ይገምታል፣ አንድም ይስቃል። እውነተኝነት ዋጋ አለው። ዋጋው ልከኛ ሲሆን ከማንም ሰው ልንጠይቀው እንችላለን። ጀግና ብቻ የሚከፍለው እስኪሆን ድረስ ካስወደድነው በኋላ ግን ተራውን ሰው «ለምን አላውቅም አላልክም?» የማለት መብታችን ይሳሳል። አይጠፋም፤ ይሳሳል። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት አለቻ! የመምህሩ ብቸኝነት በሷ ሽምግልና እንዲወጣ ማንም አላማከራትም።

እስቲ መምህሩን «እንርዳው» ሲባል የተደረገውን በዚህ ዓይን እንየው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣል፤ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራ አየ፤ የገጠሩም የአዲስ አበባውም ተማሪ አንድ አስተማሪ ፊት ተቀመጠ። ይህን የሚንቅ ሰው ገጠር አላስተማረም። ነገር ግን የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነው፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። ስክሪኑ ጥያቄ አውጥቶ «ሥሩ» ይላል፤ ልጁ ቁጥሩን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ከተፍ ይላል። እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያ ዳር ቆሞ የነበረው መምህር በል ተነስና ቀጥል ይባላል። ፕላዝማው እውቀት አልጎደለውም፤ ጆሮ ነው ያልነበረው። የውርሱን ጥያቄ ያነሳው ልጅ ፕላዝማ ፊት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መምህሩ አይሳሳትም ነበር፤ ጥያቄውም አይወለድም ነበር።

ቀጥሎ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መጣ፤ በዓመት 60 ሰዓት። መምህራን በየትምህርት ቤታቸውና በየጉድኝት ማዕከላቸው ተገናኝተው ችግራቸውን እንዲነጋገሩ የታሰበ ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የክረምት ተማሪዎቼ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን ክላሰር ሲያሳዩኝ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ «ድክመቶቼ» በሚለው ገጽ የተጻፈው የብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነበር። ከጓደኛ ተገልብጧል። ሰው መልስ ሲኮርጅ አይቻለሁ፤ ድክመት ሲኮርጅ ያየሁት ያኔ ነው። ምን ያድርጉ? ድክመቱን የሚያነበውና እድገቱን የሚፈርመው አንድ ሰው ከሆነ እውነተኛ ድክመቱን የሚጽፍ ሞኝ የት ይገኛል?

አሁን ደግሞ ስልክ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ቴሌግራም ክፍል ሆኖ ነበር። ዩቱብ ላይ ሒሳብ የሚያስተምረው ብዛቱ፤ ካን አካዳሚም አለ። እኔ ስልኩን ከፕላዝማው አስበልጠዋለሁ። ሲያቆሙት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በሌሊት ብቻህን ብትጠይቀው አይስቅብህም። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል፤ ሳይስቅብህ ብቻህን ይተውሃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? የተዘጋጀ መልስ ያለውን ጥያቄ ይመልስልሃል። ካራቆሬ ውስጥ የበቀለውን ጥያቄ ግን የሚመልሰው ሁለት መንደር አልፎ ያለው ሼህ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ደግሞ ወደ ሼሁ ሂድ አላለውም።

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈታኞቹ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። አገር ደነገጠ። ወዲያው ጣታችን መምህሩ ላይ ተቀሰረ። ጣት የተቀሰረበት ሰው ደግሞ ድክመቱን ይበልጥ ይደብቃል እንጂ አያወጣም።

የድሮ ሰዎች በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይወርዳል። መምህሩ «ይህ የእኔ አይደለም፤ እዚያ ሂድ» ማለቱ ሞያው እንጂ ነውሩ አልነበረም። የወሎና የይፋት ደረሳም እንዲሁ ነው፤ ነሕዉን ከአንዱ ሼህ፣ ፊቅሁን ከሌላው እያለ አገር ያቋርጣል። አለማወቅ አድራሻ ነበረው። ጃፓኖች «ጁግዮ ኬንክዩ» የሚሉት አለ። መምህራን ተሰብስበው አንድ ትምህርት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ኋላ ተቀምጠው ተማሪዎቹን ያያሉ። ከዚያ የሚተቸው ትምህርቱ ነው፤ የሁሉም ሥራ ስለሆነ ሰውየው አይተችም። ወደ እኛም እንዲህ ያለ ነገር በጃይካ በኩል ለ7ኛና 8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን መጥቶ ነበር። ውጭ አገር የመጣ ሁሉ አይሠራም የሚሉኝ አሉ። ዙር አምባስ የት ነው ያለው?

የመምህሩን ጓደኛ ግን ሞኝ አልለውም። ስልሳ ልጅ ፊት የቆመ ሰው እምነት ያስፈልገዋል። ይህን ከራሴ አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ አንድ ተማሪ በአንድ የቆየ ግጥም ውስጥ ያለች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀኝ። አላውቃትም። ግን ሰባ ዓይን እኔ ላይ ነው። በግምት ፈታኋት፤ ደግሞ ቆንጆ ፍች ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ፈተና ላይ ያቺኑ ፍች ጽፈው መጡ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። አንዱ ብቻ ሌላ ጻፈ። ምናልባት አያቱን ጠይቆ ይሆናል። ነጥብ ቀነስኩበት። ኋላ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ልክ የሆነው እሱ ነው። ውጤቱ ገብቶ ነበር፤ አላስተካከልኩም።

ለእኔ ደግሞ ሰበብ የለኝም። ከቢሮዬ ሁለት በር አልፎ ግዕዙንም ቅኔውንም የጠጡ አዛውንት ባልደረባ ነበሩ። ማንንም አያዋርዱም። አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። ስለዚህ ቦታ መኖሩ ብቻውን ይበቃል ብዬ አልከራከርም፤ የካራቆሬው መምህር ቦታ ሳይኖረው አራተኛ ቀን ላይ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጠያየቃለን። ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ከመጡ አምስት የሒሳብ መምህራን ጋር በቴሌግራም ተሰባስበዋል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ በዚያ ሳምንት አንድ የማያውቀውን ያልጠየቀ ሰው የሌላውን መመለስ አይችልም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው ሲነድ ዝም አሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ መልእክት ይላላኩ ነበር። ክፍልፋይ በጽሑፍ መልእክት መላክ እንዴት እንደሚያታክት ነግሮኛል።

ባለፈው ሰሞን ደወለ። አንዲት ተማሪ ስለ ግንቦት 1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠይቃ ነበር፤ ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራቆሬን ያናጋው፣ ፒየር ጉዋን በመሬት መንቀጥቀጥ ታሪካቸው ውስጥ የጻፉለት። አያቷ ነግረዋት ነው። በመለኪያው ላይ ከ5 ወደ 6 አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከተማ የሚያፈርስ እንዴት ይሆናል አለች። መምህራኑ ተከራከሩ። አንዱ 10 እጥፍ ነው፣ ሌላው 32 ያህል እጥፍ ነው። ያስታረቃቸው ከሁሉም ትንሹ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘው ነው። የንዝረቱ ስፋት 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ኃይል ግን 32 ያህል እጥፍ፤ ሁለቱም ሎጋሪዝም ነው።

«10 ብቻ ነው ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ ጋሼ» አለኝ እየሳቀ። «እዚያው ተጽፎ አለልዎት፤ አልሰረዝኩትም።»