ወረፋ የቆመው ሰውስ?

በ2008 ዓ.ም. ለተዝካር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። መቼም የቦረናን ደጋ የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል። ማታ ከቤት መውጣት ሲያቅተን ላፕቶፔን ከፍቼ ለአጎቴ አንድ ፊልም አሳየኋቸው። ቋንቋውን እየተረጎምኩላቸው ነው ታዲያ።

ፊልሙ «ኖ» ይባላል፤ «እምቢ» ማለት ነው። የቺሊው ፓብሎ ላራይን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2012 ለዕይታ ያበቃው ነው። ታሪኩ ከእውነት የተቀዳ ነው። በ1988 ጄኔራል ፒኖቼ «ስምንት ዓመት ልጨምር ወይስ ይብቃኝ?» ብለው ሕዝባቸውን ጠየቁ። ለ27 ቀናት ለሁለቱም ወገን በየማታው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ የቴሌቪዥን ሰዓት ተሰጠ። በፊልሙ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ ለስላሳ መጠጥ በሚሸጥበት ብልሃት «እምቢ»ን ይሸጣል። 56 ከመቶ የሚሆነው መራጭ እምቢ አለ፤ ጄኔራሉም በ1990 ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ።

አጎቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ፣ «ደግ ነው። ግን ሁሉም ከተሜ ነው። ወረፋ የቆመው ሰውስ የታለ?» አሉኝ።

«ፊልም እኮ ነው ጋሼ፤ ሁሉን ማሳየት አይችልም» አልኳቸው።

«እሱስ ነው» ብለው ዝም አሉ።

እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ለካ ቺሊም ውስጥ በዘመቻው የደከሙ ሰዎች ይህንኑ ቅሬታ አሰምተዋል። ማስታወቂያው ብቻውን አላሸነፈም፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዲመዘገብ በየሰፈሩ የደከመ ሰው ነበረ፣ ፊልሙ እሱን ረሳው ነው የሚሉት።

እስቲ የኛን 97 በፊልም የሚሠራ ሰው እናስብ። ትዕይንቶቹን አሁኑኑ ልነግራችሁ እችላለሁ። የቴሌቪዥኑ ክርክር ይኖራል። ሚያዝያ 29 እና 30 መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ይኖራል። የሰኔና የጥቅምቱ ተኩስ፣ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው 193 ሲቪል ሟቾች፣ እስርና ችሎት ይኖራሉ። ክርክሩን በሬዲዮ ሰምተው፣ ግንቦት 7 ሌሊት ተነሥተው፣ ቁር እየጠበሳቸው የተሰለፉት አጎቴ ግን አይኖሩም።

ይህ ውሸት ነው? አይደለም። ያሳየው ሁሉ የሆነ ነገር ነውና። ጉዳቱ ሌላ ነው። ምርጫ ማለት የጥቂት አንደበተ ርቱዓን ግጥሚያ ነው ብለን ከተማርን፣ እነሱ ሲታሰሩ ወይም ሲጣሉ ነገሩ ሁሉ አበቃለት ብለን ቤታችን እንገባለን። ተመልካች ያደረጉት ሕዝብ ፊልሙ ሲያልቅ ከመበተን ሌላ ምን ይሠራል?

በፊልም ሠሪ ብቻ አልፈርድም። እኔው ራሴ ስለ 97 ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ማን ማንን በክርክር እንደረታ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አጎቴን ግን፣ «ያን ዕለት ስንት ሰዓት ቆማችሁ? ምን ተስፋ አድርጋችሁ ነበር?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ሲፈላ ጠየቅኋቸው። ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያልቅ ገና አልጨረሱም ነበር።