ሳይነግሩ ማጉረስ

አንድን ሰው የማይበላውን ነገር ሳያውቅ ብናበላው በደልነው ይባላል? ምግቡ ንጹሕ ነው፣ አያሳምመውም፣ እንዲያውም ጣፍጦት ጣቱን ይልስ ይሆናል። ካላወቀ ምኑ ተጎዳ?

ጥያቄው የተነሣው ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን፣ እኛው ቤት ነው። ጣልያን አገር ብዙ ዓመት የኖረው የአክስቴ ልጅ ለበዓል መጥቶ እዚያ የለመደውን የአሳማ ጥብስ ሊሠራልን አማረው። አጥንቱ የወጣ ሥጋ ይዘረጋል። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ የእንስላል ፍሬ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አንድ ላይ ተወቅጦ ውስጡ ይቀባል። ከዚያ ይጠቀለልና በሲባጎ ታስሮ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ይበስላል። ቅመሙን ሲዘረዝር ገረመኝ፤ ሁሉም እኛው ጋ ያለ ነው። ልዩነቱ ሥጋው ብቻ ነው።

«አዲስ አበባ አይጠፋም፣ ይዤ ልምጣ። በግ ነው ብንላቸው ማን ያውቃል?» አለኝ። እየቀለደ ነበር፤ ግማሽ ልቡ ግን የምሩን ነበር።

እስቲ ጉርሻን አስቡት። እጅ ሲዘረጋልን እንጀራውን ገልጠን ውስጡን አንመረምርም፤ ሰውየውን አምነን አፋችንን እንከፍታለን። በእኛ አገር ድግስ ላይም ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱን ለይቶ ያሰናዳል። እንግዳው ወጥ ቤት ገብቶ ድስት አይከፍትም፤ የጋባዡን ቃል ይዞ ይበላል። ሳይነግሩ ማብላት የሚሰብረው ይሄንን ነው። ጉዳቱን ሆዱ ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም፣ ምክንያቱም የተወሰደበት ምርጫው ነው። ባለቤቱ ያልደረሰበት ስርቆትም እኮ ስርቆት ነው።

«ክልከላው እኮ ምክንያት የለውም» የሚል ይኖራል። ይሁን፣ ፊት ለፊት ይከራከር። በክርክር ያላሸነፍነውን ሰው በድስት ማሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አሳማን በስም አንሥተዋል። የካቶሊክ ሚስዮናውያን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የአይሁድን ልማድ ትከተላለች እያሉ ይወቅሱ ነበርና መልስ ነበር። ሐሳባቸው ባጭሩ፦ እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። መሠረቱ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ነው። ማታለል ደግሞ ማስገደድ ነው፤ ጉልበቱ ስለማይታይ የለሰለሰ ይመስላል እንጂ።

የመጀመሪያው ግማሽም ቀላል አይደለም። እኛ ሰፈር ግን አዲስ ነገር አይደለም። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለው ጣልያናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ መጥቶ፣ አንኮበር አጠገብ ምኒልክ በሰጡት ሌት ማረፊያ ጣቢያውን ተከለ። በ1882 ሲሞትም እዚያው ተቀበረ። አሳማ ከሚበላ አገር የመጣ ሰው ከእኛ መሬትም መቃብርም አግኝቷል።

የገና ዕለት የሠራነው በበግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ታፋ ፈጀብን፤ መብራት ሲጠፋም ድስት ውስጥ አድርገን ከሰል ላይ ጨረስነው። ማዕድ ላይ አክስቴ ልጇን «እዚያ ትበላዋለህ?» አለችው። «አዎ እማዬ፣ እበላለሁ» አላት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ ጠቀለለች።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ግማሽ ይረሳሉ፤ የማይበላውን ሰው ኋላ ቀር ይሉታል። እዚህ ያለነው የመጀመሪያውን እንረሳለን፤ ዘመዳችን ምን እንደሚበላ ስንሰማ ፊታችንን እናጨማድዳለን። አንድ ሰው እውነቱን ነግሮን የሚከፍለው ዋጋ የእኛ መጸየፍ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይነግረናል? ሳይዋሹን እንድንበላ ከፈለግን፣ እውነቱን የሚናገር ሰው ማዕዳችን ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል።