የደጃፉ ዕዳ የማን ነው?

ዊልቸር ሲታደል ያላየ ሰው የለም። አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ይደረደራሉ። የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ ተቀባዮቹ አንድ በአንድ ታቅፈው ይቀመጡባቸዋል፤ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። ማታ ዜና ላይ እናየዋለን። ነገሩን ለማጥላላት አይደለም የማነሳው። ዊልቸር ውድ ዕቃ ነው፤ ሰጪው ምስጋና ይገባዋል። የሚያሳስበኝ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ነው። ወንበሩ ወደ ቤት ይሄዳል። ቤቱ ከፍ ያለ ደፍ አለው። ከደፉ በታች የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በታች ክረምት ሲገባ ጭቃ የሚውጠው ኮረኮንች። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ እሱም ቁጢጥ ለሚል ሰው የተሠራ። ስለዚህ ወንበሩ አልጋው አጠገብ ይቆማል። ሲቆይ ደግሞ ልብስ ይሰቀልበታል።

ትክል ድንጋይ ውስጥ ልብስ የተሰቀለበት እንዲህ ያለ ወንበር አይቻለሁ። ከተማዋ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስኳር በሽታ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ከጉልበት በታች ወስዶባቸዋል። በእግር የሚረገጠውን መኪና ሸጠው በእጅ የሚሽከረከር ገዝተዋል፤ ሥራቸውን አልተዉም። ቤታቸው የራሳቸው ነው፤ ግን ከመንገዱ አምስት ደረጃ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ለገበያም ለቤተ ክርስቲያንም የሚያወጧቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ በጀርባቸው። ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ቀን አላጓደሉባቸውም። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል? እኔም ይህንኑ ብዬ ላመሰግንላቸው ስጀምር ሳቅ አሉና፣

«እውነትህን ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ፤ ከሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ሰው አይሟገትም» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

ወደ ጓሮው በእጃቸው አመለከቱኝ። ካቻምና አጥሩ ሲታደስ አንድ ክንድ ያህል ወደሳቸው ገብቷል። አጥሩን ያደሰው ደግሞ እሑድ እሑድ የሚያዝላቸው ልጅ አባት ነው። ሽማግሌ ልሰብስብ ብለው አስበው ነበር። ከዚያ እሑድን አሰቡትና ዝም አሉ።

ይህ ቃል ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ስለ አካል ጉዳት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው የእንቅስቃሴን ነገር ነው፤ ከዚህ እዚያ መድረስ አለመድረስን። ሰውየው የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። የጎደላቸው መውጣት አይደለም፤ ይወጣሉ። የጎደላቸው ተቆጥቶ መውጣት ነው። ተኳርፎ መውጣት፣ ሳያስፈቅዱ መውጣት፣ ወዴት እንደሚሄዱ ለማንም ሳይናገሩ መውጣት። እኛ ይህን ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ እናደርገዋለን፤ ነፃነት መሆኑንም አናውቀውም።

ታዲያ መፍትሔው ምን ያህል ሩቅ ነው? ግንበኛ ጠየቅሁ። በዓለም ላይ የተለመደው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ዘንበል ያለ መወጣጫ። አምስቱ ደረጃ ተደምረው ሰማንያ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ፣ የሚያስፈልገው አሥር ሜትር ያህል ነው። ድንጋይ ስሙ ድንጋይ በሆነ ከተማ አይቸግርም። የሚቸግረው ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የግንበኛው ቀን ክፍያ፣ በሩን ለማስፋት መቃኑን ማንሳት፣ ሽንት ቤቱን መቀመጫ ያለው ማድረግ ነው። ይህም ሲደመር ቪላ አይገነባም፤ ለአንድ በእጅ መኪና ለሚኖር ልብስ ሰፊ ግን ተራራ ነው። መወጣጫው የሚያልፈውም፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ አጥሩ በገፋው መሬት ላይ ነው።

ገንዘቡን ለመፈለግ ያልሄዱበት የለም፤ ማለትም ያልላኩበት የለም። አንዱ ቢሮ «ዊልቸር ተሰጥቶዎት የለም እንዴ?» አለ። ሌላው «የኛ በጀት ለግለሰብ ቤት አይደለም» አለ። ብድርም ታሰበ። ግን ለአነስተኛ ብድር የሚቀርበው ጥያቄ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሥራው ምን ያተርፋል? ከቤት መውጣት ምን ያህል እንደሚያተርፍ በምን ይሰላል? የቀበሌ ቤት ወይም የኪራይ ቤት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጣጣው ይብስ ነበር። አከራይ ደጃፉ ሲፈርስ አይወድም፤ ተከራይም ነገ ለሚያስለቅቁት ቤት ሲሚንቶ አያፈስም።

ሕጉስ? ሕግ አለን፤ ያውም ጥሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መንግሥት አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት አንቀጽ 28 ላይ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ የመንግሥት እርዳታ ማግኘት እንዳለባቸው ተጽፏል። እንግዲህ አስቡት። የባንኩ ሕንፃ መወጣጫ እንዲኖረው አዋጅ አለ። ሰውየው ግን ባንኩ ዘንድ የሚደርሰው መጀመሪያ ከቤቱ ከወጣ ነው። አዋጁ ከሌላኛው ጫፍ ጀመረ።

ሕጉ ደፍ ላይ ሲቆም የሚረከበው ርኅራኄ ነው። የርኅራኄን አሠራር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የታማሚ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ በየመንደሩ ይዞራል። ስልካችን ላይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሚያለቅስ ሰው ምስል ጋር ይመጣል። ሰዉ ይሰጣል፤ ድሃው ሕዝባችን በመስጠት አይታማም። ግን በዚህ መንገድ ገንዘብ የሚገኘው ለምን ዓይነት ችግር ነው? ለልብ፣ ለኩላሊት፣ ለካንሰር። ከአምስት ደረጃ በላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ማንንም አያስለቅስም። ለማስለቀስ ከፈለገ የተቆረጠ እግሩን ገልጦ ማሳየት አለበት። የእርዳታው ዋጋ ይሄ ነው፤ ቁስልን ማሳየት። ይሉኝታ ያለው፣ ሠርቶ የሚበላ፣ ሰው ፊት መራቆት የማይፈልግ ሰው ከዚህ ገበያ ባዶ እጁን ይመለሳል። በሌላ አነጋገር፣ ልንረዳው በጣም የሚገባንን ሰው ነው እምቢ የምንለው፤ ክብሩን ስላልሸጠልን።

«የራሳችን ባህል አለልን አይደል፣ ደቦ፣ ወንፈል፣ ዕድር፣ ማኅበር» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ሃያ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢወጣ መወጣጫው ማታ ያልቃል። ግን እነዚህን ነገሮች ቀረብ ብለን እንያቸው። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ ዘንድ ነገ እኔ ዘንድ ነው። ዕድርም ቢሆን የሚጸናው በመገኘት ነው፤ ቀብር ያልወጣ፣ ድንኳን ያልተከለ ይቀጣል። የታመመ ይታለፋል፤ ይህ ደግ ደንብ ነው። ግን ለአሥር ዓመት የታለፈ ሰው ምን ይሆናል? መዝገቡ ላይ አለ፤ ሸንጎው ላይ የለም። የመረዳጃ ማኅበሮቻችን በሙሉ የቆሙት መልሶ መስጠት በሚችል ሰው ላይ ነው። ከቤቱ መውጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው መልሶ የመስጠትን አቅም ነው። ስለዚህ ባህላችን ደግ ያልሆነው በክፋት አይደለም፤ ሒሳቡ ለዚህ ሰው አልተሠራም።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመጠመቂያው ዳር የተኛው በሽተኛ። ስብከቱን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሌም ስለ መፈወሱ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ የቀረበው አቤቱታ ነው። ሰውየው ስለ በሽታው አላማረረም። ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። በሌላው የወንጌል ታሪክ ደግሞ አራት ሰዎች ሽባውን ከነአልጋው ተሸክመው መጡ፤ በሩ በሰው ሲዘጋባቸው የሰው ቤት ጣሪያ አፍርሰው አወረዱት። ሁለቱም በሽተኞች መንቀሳቀስ የማይችሉ ነበሩ። የሚለያዩት አንዱ አራት ሰው ስለነበረው ነው። ሕግና በጀት የሚያስፈልገው ለመጻጉዕ ነው እንጂ አራት ሰው ላለውማ ጣሪያም አያግደው።

እዚህ ላይ ከባድ መልስ ይመጣል፤ ከባድነቱንም አልክድም። «የሚበላ ያጣ ሰው እያለ ስለ መወጣጫ ታወራለህ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. በክልሉ በፈነዳው ግጭት ስንት ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ሳለ?» ልክ ነው። ግን ያ ጦርነት እኮ እግር የቆረጠም ነው። ቁጥሩን ያበዛው እሱ ከሆነ፣ ጥያቄውን ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሴፍቲኔትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። መልካም ነው። ግን ልብስ ሰፊው መሥራት ይችላሉ። ደፉን ብናነሳላቸው ከተረጂዎች መዝገብ የሚያስወጣቸውን ገንዘብ እንከለክላቸዋለን፣ ተረጂ ቢሆኑ ግን ዕድሜ ልክ ለመስጠት ዝግጁ ነን። ይህ የድህነት ሒሳብ አይመስለኝም።

«የግለሰብ ቤት የግለሰብ ጉዳይ ነው» የሚለውም አያሳምነኝም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር መንግሥት በየቤታችን ገባ። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ከብቱን ከሰው ለዩ፣ ምድጃውን አሻሽሉ ተባለ። ማንም የግል ጉዳይ ነው አላለም፤ ብዙ በሽታም ቀነሰ። ሽንት ቤቱ እንዲቆፈር በሩ ድረስ የመጣ መንግሥት፣ ቁጢጥ ማለት ለማይችለው የቤቱ ሰው መቀመጫ አለው ወይ ብሎ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል?

በሌላ አገር ጥያቄው ተጠይቋል። እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢው አስተዳደር ለቤት ማስተካከያ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ለአዋቂ የገቢ ምርመራ ይደረጋል፤ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ግን የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ስዊድን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ደፍ ለማንሳትና በር ለማስፋት ሲከፍል ገቢህ ስንት ነው አይልም። የገንዘቡ መጠን ለኛ ተረት ነው፤ እሱን አልመኝም። የምመኘው ሰውየው የሚጠይቅበት ቦታ መኖሩን ነው። ቅጽ ይሞላል፤ ባለሙያ መጥቶ ደፉን ይለካል። የሚለካው ደፉ ነው እንጂ የሰውየው ደግነት ወይም እንባ አይደለም። ቢከለከል ይግባኝ ይላል። ይግባኝ የሚባልበት ነገር ምጽዋት አይደለም።

ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲመጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሩናል። ደፉ ተነስቷል፣ ሊፍቱ አለ፤ ቡና ጠጪ ግን የለም፤ የሚያንኳኳ ጠፍቷል። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። መብት ሲመጣ ጎረቤት «ግብር ከፍዬ የለ» ብሎ በሩን ሊዘጋ ይችላል። የኛዎቹ ልጆች ጀርባ ከዚያ ሁሉ ሲሚንቶ የሞቀ ነው። ግን ለሰውየው የሚቀርብላቸው ምርጫ ጀርባ ወይስ ሲሚንቶ መሆን የለበትም። ወደ ጎረቤት ቤት ቡና ለመጠጣት የመሄድና «አጥሬን ገፍተሃል» ብሎ የመመለስ ምርጫ ነው። ይህን ካደረጉ በኋላም ልጁ እሑድ ሰላም ካላቸው፣ ያ ጉርብትና ነው።

ባለሙያ የለም አይባልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሀድሶ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው ቤት ለቤት ሲሠራ ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲው ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳት ላይ ሠርቷል። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም የተከፈተው እዚሁ ነው፤ ሰውን ከቤቱና ከሥራው ጋር ማስማማት ማለት ነው። ቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ልጆች ግንባታና እንጨት ሥራ ይለማመዳሉ፤ የሚለማመዱትን ግድግዳ ሠርተው መልሰው ያፈርሱታል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በወረዳው በጀት ላይ «የቤት ማስተካከያ» የሚል አንድ መስመር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተራ ያለው።

እስከዚያው ግን ዕድራችን ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀረብኩ። ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከቀብር አልፈው የታመሙትን መንከባከብ የጀመሩ ዕድሮች እንደነበሩ አስታወስኩ። በዓመት አንድ ቤት፣ አንድ መወጣጫ፤ ሌላ አላልኩም። አንድ አዛውንት ተነሱና «ለመሆኑ ከኛ አባል ከቤት የማይወጣው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። የሞቱት በሙሉ ከነቀናቸው ተጽፈዋል። የታለፉት ግን «ሕመም» ከሚል ቃል በቀር ምንም የላቸውም። ቤት ለቤት ሄደው የሚቆጥሩ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ከድንኳኑ ማሳደሻ ገንዘብ ላይ ይነካ አይነካ የሚለው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።