የግማሽ ሰከንድ ዝምታ

የሌላውን ሰው ዝምታ የመተርጎም መብት አለን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ መጽሐፍ ሳይሆን ስልክ ነው።

በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ እናት በቡታጅራ ቴሌ በአሜሪካ ከሚኖር ልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ለመስቀል ትገባለህ ወይ?» አሉት። «አዎ፣ እገባለሁ» አላቸው። እርሳቸው ግን ከቢሮው እንደ ወጡ ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «አመነታብኝ፤ ድሮ እኮ መልሱን ከአፌ ነበር የሚነጥቀኝ» አሉኝ።

የዚያ መዘግየት ምክንያት የገባኝ ዘርአ ክህነት ከገባሁ በኋላ ስለ ሳተላይት ሳነብ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ባሕር ማዶ የሚደረግ ጥሪ በሱሉልታው የምድር ጣቢያ በኩል ወደ ሳተላይት ይወጣ ነበር። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር፣ ከታች ለሚያያት የቆመች ትመስላለች። ድምፅ ወደ እርሷ ወጥቶ እስኪወርድ፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ፣ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ መልሱም እንዲሁ። ስለዚህ ጠያቂው ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል።

ሰው ይህን ይታገሥ ይሆን? ባለሙያዎች አስቀድመው ተከራክረውበታል፤ አንዳንዶቹም በዝቅታ የሚዞሩ ብዙ ሳተላይቶች ይሻላሉ ብለው ነበር። የሙከራ ሳተላይት የነበረችው ሲንኮም 2 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1963 መጠቀች፤ በነሐሴ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዋሽንግተን፣ የናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፈዋ ባሌዋ ደግሞ በሌጎስ ወደብ ከቆመች መርከብ ሆነው በእርሷ በኩል ተነጋገሩ። ተከታይዋ ሲንኮም 3 እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ኦሎምፒክ ለአሜሪካ አስተላለፈች። (አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ነው፤ የገዛ አገሩ ቴሌቪዥን ግን ገና ሥራውን አልጀመረም ነበር።)

መሣሪያው ፈተናውን አለፈ። ሰውስ? ፊት ለፊት ስንነጋገር ዝምታ ምልክት ነው፤ ማንበቡንም ከእናታችን ጉያ ጀምረን እንማራለን። እኒያ እናት በክፋት አልፈረዱም። ልጃቸውን ስለሚወዱ የቃላቱን ክፍተት ሳይቀር አዳመጡ፤ ያታለላቸውም ይኸው ማዳመጣቸው ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኩት አንድ ካቴኪስት፣ «አባ፣ ልጁ ለመስቀል መጣ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። አልመጣም። «እንግዲያውስ እናትየው አልተሳሳቱማ!» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም አልተቀበልሁትም። ልጁ የቀረበት ምክንያት የገንዘብም የፈቃድ ወረቀትም ሊሆን ይችላል። ያ ግማሽ ሰከንድ ግን ስለ ልጁ ልብ አንዳች አልመሰከረም። በሐሰት ምስክር የተሰጠ ፍርድ በአጋጣሚ ከእውነት ጋር ቢገጥም እንኳ ተከሳሹ ተበድሏል።

ዛሬ አብዛኛው ጥሪ በፋይበር ገመድ ስለሚሄድ ያ ክፍተት እምብዛም አይሰማም። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን እናቱ ስልክ በተደወለ ቁጥር ስለ ጤናውና ስለ ሥራው ብቻ ይጠይቁት ነበር፤ ትገባለህ ወይ ብለው ዳግመኛ አልጠየቁትም።