ዙፋኑ ያለበት፣ መቃብሩ የሌለበት

መቀሌ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የእንጨቱን ዙፋን አይረሳውም። ዙፋኑም ቤቱም የጣሊያናዊው አናጢ የጃኮሞ ናሬቲ የእጅ ሥራ ናቸው። ግንባታው በ1870ዎቹ አጋማሽ አለቀ፤ ባለቤቱ ግን በ1881 ዓ.ም. አረፉ።

እኚህ ንጉሥ የሥልጣንን መጨረሻ ገና ደጃዝማች ካሳ ሳሉ አይተውታል። በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ አሳለፉት፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ገደሉ፤ እንግሊዞችም ሲመለሱ ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። በዚያ መሣሪያ የእኅታቸውን ባል አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ።

የወደቀ ሰው ስናይ ጥፋቱን እንቆጥራለን። «ጨካኝ ስለነበር ነው፣ ስለቸኮለ ነው» እንላለን። እንዲህ ማለት ያጽናናናል፤ እኛ ካልጨከንን፣ ካልቸኮልን የምንተርፍ ይመስለናላ! ዮሐንስ ከቴዎድሮስ ውድቀት በእርግጥ ተምረዋል። ምኒልክን ሸዋ ላይ፣ ተክለ ሃይማኖትን ጎጃም ላይ ንጉሥ እንደሆኑ እንዲኖሩ ፈቀዱ። ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር መለሱ። በእኔ ግምት ከዘመኑ መሪዎች ትዕግሥትን ከሁሉ አስቀድመው የያዙት እሳቸው ናቸው።

ትዕግሥቱም አለቀ። በ1880 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ መቀሌ ላይ ሞተ፤ ሁለቱ ንጉሦችም ተባብረው ሸፈቱ። ጎጃም የንጉሠ ነገሥቱን ቁጣ ቀመሰች፤ ገበሬው በማያውቀው ጠብ ጎተራው ተራቆተ። ይህን ሸሽጎ ስለ ክብራቸው ብቻ ማውራት ለእሳቸውም አይጠቅምም።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ፣ ጦራቸው እያሸነፈ ሳለ በጥይት ቆሰሉ። ድሉ በዚያው ተገለበጠ። እሳቸው ካረፉ በኋላ አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ወገን ደርቡሾች ደረሱበት፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለደርቡሾቹ መሪ ለኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማን ተላከ። ያን ራስ የተቀበለው ኸሊፋም በ1892 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። እሱም የዮሐንስን ሞት የድሉ ማረጋገጫ አድርጎ አየው እንጂ የራሱ ተራ ምልክት አድርጎ አላየውም።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ወደዚያ ቤተ መንግሥት ስትወስዱ ዙፋኑን ብቻ አሳይታችሁ አትመለሱ። በላዩ የተቀመጡት ሰው ምን እንደታገሡ፣ ምን እንዳጠፉና መቃብራቸው መቀሌ እንደሌለ አብራችሁ ንገሯቸው።