ጨውን መምከር

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ጋይንት ተምሮ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በደንብ የማስታውሰው በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የሰማሁትን ነው። መምህሩ ስለ አዮን አስረድቶ ሲጨርስ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ልጅ አስነስቶ ጠየቃት። አልመለሰችም። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም። ያኔ ተረተባት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ልጅቷ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠበቅ አደረገች። እንቅርት ነበረባት።

ሰሌዳው ላይ የነበረው ትምህርት ስለዚሁ ስለ ጨው ነበር። አቶም መሀሉ ላይ ኒውክለስ አለው፤ እዚያ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ ዙሪያውን ደግሞ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሶዲየም 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው፤ ሂሳቡ እኩል ስለሆነ ቻርጅ የለውም። ግን በመጨረሻው ምህዋር ላይ ያለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ነው፣ በቀላሉ ይለቀዋል። ክሎሪን ደግሞ ያንን ምህዋር ለመሙላት አንድ ጎድሎታል። ሲገናኙ ሶዲየም ሰጥቶ በ10 ይቀራል፣ ክሎሪን ከ17 ወደ 18 ያድጋል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ አዮን ሆነው ይሳሳባሉ። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካው የሚነድ ብረት ነው፤ ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀ ጋዝ ነው። አዮን ሲሆኑ ሽሮ ላይ እንጨምራቸዋለን። (ይህን ነግሮን ቢሆን ከኋላ ያንቀላፉት ልጆች እንኳ ይነቁ ነበር።)

ኒውክለሱ ግን አልተነካም። 11 ፕሮቶን ያለው ሁሉ፣ ሰጠም አልሰጠም፣ ሶዲየም ነው። የሚያቃጥል ወይም የሚያጣፍጥ የሚያደርገው ከማን ጋር እንደተገናኘ ነው። ተረቱ እዚህ ላይ ትንሽ ይከብደኛል፤ ጨው ለራሱ ሲል አይጣፍጥም።

ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ ስሙ ያልተነሳ ሌላ አዮን ነበር። አዮዲን 53 ፕሮቶን አለው፤ አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል 54 ሆኖ አዮዳይድ ይባላል። አንገታችን ውስጥ ያለችው የታይሮይድ እጢ እሱን ከደም ትለቅምና ሆርሞን ትሠራበታለች። ታይሮክሲን የሚባለው ሆርሞን አንዱ ሞለኪውል ብቻ 4 የአዮዲን አቶም ይፈልጋል። አዮዲኑ ሲጠፋ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ «ሥሪ፣ ሥሪ» እያለች ታጣድፋታለች። እጢዋም ከሌለው ነገር ላይ ለማውጣት ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት እንግዲህ ከአቅሟ በላይ የሠራች እጢ ናት። እኛ ደግሞ ባለቤቷን ሰነፍ አልናት።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ነው። 70 ዓመት ለኖረ ሰው ቢደመር 4 ግራም አይሞላም፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህችው ናት የታጣችው። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ገደል ድረስ አገሩ ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥባል፣ አፈሩም ይከተለዋል። የጋይንት ጎርፍ፣ የስማዳ ጎርፍ፣ የእስቴ ጎርፍ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ነው የሚገባው። እዚያ አፈር ላይ የበቀለ ገብስም፣ ያንን ገለባ የበላች ላምም የሌላትን አትሰጥም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ለመከራ መደራረብ መተረቻ ያደረግነው በሽታው ብርቅ ስላልነበረ ይመስለኛል።

የአፋር አሞሌ ደጋውን አቋርጦ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ይህን ጉድለት አልሞላውም፤ የገበታ ጨው አዮዲን የሚያገኘው ሰው ሲጨምርበት ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብና የምጽዋ ጨው ሲቀር አገሪቱ በአብዛኛው ወደ አፍዴራ ዞረች። አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የእርግዝናው ነገር ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። ያኔ በጣም ከጎደለ አንጎሉ በሚገባው ልክ አያድግም፣ በኋላም የሚመልሰው የለም። ታዲያ ገና ሳይወለድ የተወሰነበትን ልጅ አስነስተን «ለራስህ ስትል» ስንለው ማንን ነው የምንመክረው? ነገሩ ወደኔም ይዞራል። ጎበዝ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ እኔን ስታረግዝ የበላችው ጨው ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ምስጋናውን ብቻ ወሰድኩ።

ጥረት ከንቱ ነው ልል ፈልጌ አይደለም። እንቅርት ያለበት ሁሉ አእምሮው ይደክማል ማለትም ሐሰት ነው፤ ያቺ ልጅ መልሱን እያወቀች ሰው ሁሉ አንገቷን ሲያያት አፍራ ሊሆን ይችላል። ሰውን ለመውቀስ ግን አስቀድሞ ምን እንደተሰጠው መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ጥያቄውን የጀመርነው ከመልሱ ነበር።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ እናቴ ጨዉን እንደ ድሮው ምድጃው አጠገብ ክፍት ጣሳ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን እንደሚያባክነው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ብትጨምረው እንደሚሻል ነገርኳት።

«መጨረሻ የገባ ጨው ወጡን ዘልቆት አይገባ፤ አንተ ደግሞ!» አለችኝ።

ክዳን ያለው ጣሳ ግን በሳምንቱ ገዝታለች።