ተስፋና ሁለቱ የገመድ ጫፎች

እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2023 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ እንዲያዘጋጁ ሲወስን፣ በሦስቱ አገሮች የተሰማው ደስታ ያለ ምክንያት አልነበረም። ውድድሩ በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1976 በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሜዳዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነጉዷል። በ1976 የልጅነት ኳሱን ያራግብ የነበረ ሰው ዛሬ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ስታዲየም የሚገባበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ስለዚህ በናይሮቢ ማታቱ ውስጥም ሆነ በካምፓላ ቦዳ ቦዳ ጀርባ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «በገዛ ሜዳችን እስከ የት እንደርስ ይሆን?» ይህ የኳስ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከሥሩ የኳስ ያልሆነ ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው በራሱ ጉልበት በሚሠራው ነገር ላይ ተስፋ ቢያደርግ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዘርቷልና ያጭዳል፣ ተምሯልና ይመረቃል። አንድ ሕዝብ ግን በአሥራ አንድ ወጣቶች እግር ላይ ተስፋውን ሲያኖር ያ ተስፋ ምንድን ነው? ሕዝቡ በልጆቹ ላይ ያለው መብት ነውን? ወይስ ሕዝቡ ራሱ የሚከፍለው ዕዳ?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ቋንቋ ጥሩ መነሻ ይሆናል። አማርኛ ተስፋን ያጣ ሰው «ተስፋ ቆረጠ» ይላል። ስዋሂሊም ይህንኑ ሲናገር «ኩካታ ታማ» ይላል፤ «ኩካታ» መቁረጥ ነው። እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በዘርም በሰዋስውም የማይገናኙ ሲሆኑ፣ ተስፋ የሚቆረጥ ነገር መሆኑን ግን ሁለቱም ያውቃሉ። የሚቆረጥ ነገር ደግሞ አስቀድሞ የተዘረጋ፣ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ተስፋ እንደ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው ማለት ነው። የኬንያ ብሔራዊ ቡድን የሚጠራበት «ሃራምቤ» የሚለው ቃልም በአንድነት ለመጎተት የሚደረግ ጥሪ እንደሆነ ሲታሰብ፣ የገመዱ ምሳሌ ከሩቅ የመጣ አይመስልም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። በአማርኛ የሚቆረጠው ተስፋ ነው። በስዋሂሊ የሚቆረጠው «ታማ» ግን መሻትን ብቻ ሳይሆን ስስትንም ጭምር የሚገልጽ ቃል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ስለ ብሔራዊ ቡድኑ «ተስፋ አለኝ» ሲል በእርግጥ ተስፋ እያደረገ ነው ወይስ እየሳሳ? የገመዱን አንድ ጫፍ ተጫዋቹ ይዟል፤ ሌላውን ጫፍ የያዘው ማነው?

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ሁለት ነገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሒሳበኛ ነው። ኬንያ ከ2027 በፊት በ1972፣ በ1988፣ በ1990፣ በ1992፣ በ2004ና በ2019 ስድስት ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ተካፍላ አንድ ጊዜም ከምድቧ እንዳላለፈች ያስታውሳል። ኡጋንዳ በ1978 አክራ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በጋና 2 ለ 0 ከተሸነፈች በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስ እስከ 2017 ድረስ 39 ዓመት እንደፈጀባት ይቆጥራል። ታንዛኒያ በሞሮኮው ዋንጫ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ያለፈችውም አንድ ጨዋታ እንኳ ሳታሸንፍ በሁለት አቻ ውጤት እንደነበር ይጠቅሳል። ከዚህ ሁሉ በመነሣት ተስፋ ማድረግ ራስን ማታለል ነው ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛው አማኝ ነው። እርሱ የሚጠቅሰው ዛምቢያን ነው። በሚያዝያ ወር 1993 የዛምቢያን ብሔራዊ ቡድን የጫነ አውሮፕላን ከጋቦኗ ሊብረቪል ተነሥቶ ባሕር ላይ ሲከሰከስ 18 ተጫዋቾችን ጨምሮ 30 ሰዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ ስለ ዛምቢያ እግር ኳስ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ቢኖር ውጤቱ ባዶ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ አዲስ የተዋቀረው ቡድን በ1994 ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2012 ደግሞ እዚያው ሊብረቪል ላይ፣ ወንድሞቻቸው ካለቁበት ባሕር አጠገብ፣ ኮትዲቯርን በፍጹም ቅጣት ምት 8 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ።

ሒሳበኛው የሚስተው ተስፋን ከትንበያ ጋር ስለሚያምታታ ነው። ትንበያ የሚያስተውለው ያለፈውን ነው፤ ተስፋ ግን ገና ያልተሠራውን ሥራ ይመለከታል። አማኙም ቢሆን ከስሕተት አልዳነም። የዛምቢያን ታሪክ ሲተርክ ዋንጫውን እንጂ በ1993ና በ2012 መካከል ያለፉትን 19 ዓመታት አይተርክም። በእነዚያ ዓመታት ዛምቢያ ብዙ ጊዜ ተሸንፋለች፤ ከሽንፈት በኋላም ልጆች መልምላ፣ አሠልጥና፣ እንደገና ተሰልፋለች። ሐዘንተኛው ሕዝብ የገመዱን ጫፍ አለቀቀም ነበር። ያ ተስፋ ከምኞት የሚለየው በዚህ ነው፤ ምኞት የሚጠይቀው ልብን ብቻ ሲሆን ተስፋ ግን እጅንም ይጠይቃል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ተስፋ የተጣለበትን ሰው ማየት ያሻል። ኢትዮጵያ ለ31 ዓመታት ርቃ ከቆየች በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችው ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፋ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ፣ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ጎሎች ብልጫ ነበር። በጥር ወር ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስትገጥም በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መቀመጫዎቹን በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሞሉት። ከእነርሱ ብዙዎቹ በትንንሽ ሱቆች የሚተዳደሩ ነበሩ። በግንቦት 2008 በመጤዎች ላይ በተነሣው ጥቃት ሱቃቸው የተዘረፈባቸውም ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች በዚያ ቀን «አገር» ማለት ያ ሜዳ ነበር።

በዚያ ጨዋታ ኢትዮጵያ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝታ ሳላዲን ሰዒድ ሳያስቆጥር ቀረ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያም ቀድማ አገባች። ከዕረፍት በኋላ ግን በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ያችን ፍጹም ቅጣት ምት ለመምታት የቆመው ወጣት እግር ላይ የተጫነው የኳሷ ክብደት ብቻ አልነበረም። የ31 ዓመት ናፍቆት፣ የስደተኛው ቁጭት፣ የሕዝብ ሁሉ ክብር ተደራርቦበት ነበር። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን የመሰለ ነገር አይተው ነው። ሕዝብ ተስፋውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ሲጭን፣ ለራሱ ግን አንዲት ሎሚ ሳያስቀር ሲቀር፣ ተስፋው ግፍ ይሆናል። ግፉ የሚታወቀውም በሽንፈት ቀን ነው፤ ትናንት «ልጃችን» የተባለው ዛሬ «እሱ» ይባላልና።

እንግዲያው የገመዱን ሌላ ጫፍ ማን ይያዝ? ይህ ጥያቄ ወደ ጽሕፈት ቤት ይወስዳል። በሰኔ 2013 ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ፣ በቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ሦስት ነጥብ ተቀነሰባት። ሜዳ ላይ በላብ የተገኘው ነጥብ በመዝገብ አያያዝ ጉድለት ጠፋ። ቡድኑ ያንን ጉድለት ለመሙላት በመስከረም ወር የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን እንደገና በላብ ማሸነፍ ነበረበት፤ አሸነፈም። ተጫዋቾቹ ለአንድ ግብ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ኬንያም ይህን ዓይነቱን ነገር ታውቀዋለች። የ1996ቱን የአፍሪካ ዋንጫ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ውድድሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። በ2018 ደግሞ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚካፈሉበት የአፍሪካ ሻምፒዮና (ቻን) በዝግጅት መጓደል ሳቢያ ተወስዶ ለሞሮኮ ተሰጠ። በእነዚያ ዓመታት ገመዱን የበጠሰው ኳስ የሳተ እግር አልነበረም።

ከዚህ የሚወጣው የሞራል ሕግ ግልጽ ነው። ተስፋ የሚያደርግ ሁሉ እንደ አቅሙ ድርሻውን መክፈል አለበት፤ ሥልጣኑ የበዛ ሰው ዕዳውም ይበዛል። ሚኒስትሩና የፌዴሬሽኑ ሹም «በልጆቻችን ተስፋ አለን» ሲሉ ቃሉ ከአፋቸው የሚወጣው እንደ ተመልካች ሆኖ ከሆነ ሐሰት ነው። እነርሱ ተስፋ የሚያደርጉት ሜዳውን በጊዜው በመጨረስ፣ የተጫዋቹን አበል በቀኑ በመክፈል፣ የታዳጊዎችን ውድድር በማያቋርጥ በጀት በመደገፍ ነው። በናይሮቢ በ2024 ግንባታው የተጀመረው 60,000 ሰው የሚይዘው የታላንታ ስታዲየም ሲሚንቶ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ እውነተኛ የተስፋ ቃል ነው። የኮንክሪት ተስፋ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ስታዲየም በጥቂት ዓመታት ይቆማል፤ ተጫዋች ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይኮተኮታል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሲባዝን የዋለ ድሃ ደጋፊ ማታ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ ቢደሰት ምን ዕዳ አለበት? ለእርሱ ኳስ ከዕዳ የሚያርፍባት ብቸኛ ሰዓት አይደለችምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ሁሉንም ነገር ግዴታ የሚያደርግ ፍልስፍና ሰውን ደስታ ይነፍገዋል። ነገር ግን የድሃው ድርሻ ገንዘብ አይደለም። ከእርሱ የሚጠበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እውነትና ትዕግሥት። እውነት ማለት የቡድኑን ደካማ ጎን እያወቁ መውደድ ነው። ትዕግሥት ማለትም በሽንፈት ማግስት ተጫዋቹን ሰው አድርጎ ማየት ነው። በነሐሴ 2025 በካሳራኒ ስታዲየም ኬንያ በቻን የሩብ ፍጻሜ ከማዳጋስካር ጋር 1 ለ 1 ወጥታ በፍጹም ቅጣት ምት ስትሸነፍ፣ ያ ቡድን በምድቡ በአሥር ሰው ሞሮኮን 1 ለ 0 ያሸነፈው ያው ቡድን መሆኑን ማስታወስ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ቁጣን መዋጥ ያስከፍላልና።

የቀረው ጥያቄ የእንግዳው ነው። በናይሮቢ ኢስሊ ወይም በካምፓላ ካባላጋላ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በ2027 ለማን ተስፋ ያድርግ? ለሌላ አገር ቡድን መጮህ የራስን መክዳት ይመስለው ይሆናል። ታሪክ ግን የብሔራዊ ቡድን ወሰን እንደ ድንበር ምልክት የደረቀ እንዳልሆነ ያስተምራል። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታገኝ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበሉት አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። አባታቸው ጣልያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። በኋላም በደርግ ዘመን ተሰደው በጣልያን አገር ኖረው በ2022 አርፈዋል። በ1957 ካፍ ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ አገሮች የደቡብ አፍሪካን በዘር የተከፋፈለ ቡድን አንቀበልም ሲሉም፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የአህጉሩ ውድድር ከመነሻው «ሰው ከየትኛው ወገን ተወለደ?» ከሚለው ጥያቄ በላይ «ከማን ጋር ይጎትታል?» የሚለውን የጠየቀ ነበር።

ስለዚህ በጎረቤቱ ከተማ ሠርቶ የሚበላ፣ ልጆቹን በዚያ የሚያስተምር ሰው ለጎረቤቱ ቡድን ተስፋ ቢያደርግ የዋሊያዎቹን ገመድ መቁረጡ አይደለም። ሁለት ገመድ መያዝ ይቻላል። የሚከብደው ገመድ ሳይዙ መጮህ ነው። እንግዳውም ቢሆን ድርሻ አለበት፤ በድል ቀን አብሮ እንደጨፈረ በሽንፈት ቀን «እነሱ» ብሎ አለመሸሽ።

የ2027ቱ ዋንጫ ፊሽካ ሲነፋ ከሦስቱ አዘጋጆች አንዳቸው ሩቅ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሦስቱም በምድባቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ውጤቱ የተስፋውን ትክክለኛነት አይፈርድበትም። ከውድድሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ተጫዋቹ ምን ያደርግልናል የሚለው ብቻ አይደለም። በአሥራ አንዱ ላይ ተስፋውን የጣለ ሁሉ፣ ከቤተ መንግሥት እስከ ማታቱ ወንበር ድረስ፣ በራሱ በኩል ያለውን ጫፍ በምን እንዳሰረው አስቀድሞ ቢመለከት፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ የሚቆመው ልጅ ብቻውን አይቆምም።